ስለ ሶፍትዌር አዲስ እትሞች ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ትምህርት

በዛሬው ዘመን ሒሳቡን በኮምፒውተር የማይዝ ወይም ገንዘቡን በስልክ የማይቀበል የከተማ ነጋዴ ቁጥሩ እየቀነሰ ሄዷል። እነዚህም መሣሪያዎች በየጊዜው፦ «አዲስ እትም ወጥቷል፤ ይጫን ወይስ ይቆይ?» እያሉ ባለቤታቸውን ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ሳያስብ «ይጫን» በማለቱ፥ ሌላው ደግሞ ዘወትር «ይቆይ» በማለቱ ንብረቱን ያጣበት ጊዜ አለ። እኔ ሶፍትዌር በመሥራት የምተዳደር ሰው ስለ ሆንሁ፥ በሥራ ላይም ሆነ በመኖሪያ ቤቴ ካየሁት ለነጋዴው የሚጠቅመውን፥ የራሴንም ስሕተት ሳልሸሽግ፥ ከዚህ ቀጥዬ አቀርባለሁ። የተጠቀሱት ዘመኖች፥ በሌላ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

እትም ማለት ምንድን ነው?

ሶፍትዌር ማለት ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ ሥራውን የሚሠራበት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ሰው የጻፈው ስለ ሆነም እንደ ማናቸውም ጽሑፍ ግድፈት አያጣውም። መጽሐፍ ታትሞ ከወጣ በኋላ የታየው ግድፈት በሁለተኛው እትም እንደሚታረም ሁሉ፥ የሶፍትዌርም ግድፈት በሚቀጥለው እትም ይታረማል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የመጽሐፍ ሁለተኛ እትም ሲወጣ የፊተኛው በመደርደሪያው ላይ እንዳለ ይቀራል። የሶፍትዌር አዲስ እትም ግን ሲጫን አሮጌውን አስወግዶ በስፍራው ስለሚቀመጥ፥ ባለቤቱ አስቀድሞ ካልተዘጋጀበት የቀድሞውን መልሶ ለማግኘት ይቸገራል።

ብዙዎች ሠሪዎች ለእትሞቻቸው በነጥብ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮች ይሰጣሉ። ለምሳሌ አንድ የሒሳብ ፕሮግራም 4.2.7 ተብሎ ቢጠራ፥ የመጨረሻው ቁጥር ሲለወጥ ግድፈት ታርሟል ማለት ነው፤ የመካከለኛው ሲለወጥ የነበረው ሳይነካ አዲስ አገልግሎት ተጨምሯል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ሲለወጥ ግን መሠረቱ ስለ ተለወጠ ትናንት ይሠራ የነበረው ነገር ዛሬ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ 4.2.7 ወደ 4.2.8 ሲያልፍ ብዙ መስጋት አያስፈልግም፤ ወደ 5.0.0 ሲያልፍ ግን ነጋዴው ቆም ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህ የሠሪዎች ልማድ እንጂ ሕግ ስላልሆነ ሁሉም አይከተሉትም። ኡቡንቱ የተባለው ሶፍትዌር ለምሳሌ እትሙን የሚሰይመው በወጣበት ዓመትና ወር ነው፤ 24.04 ማለት እ.ኤ.አ. በ2024 በ4ኛው ወር የወጣ ማለት ነው።

ከቁጥሩ ሌላ መታወቅ ያለበት የእትሙ ዕድሜ ነው። ሠሪው ለአንድ እትም እርማት የሚልክበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ዊንዶውስ 10 የተባለው የማይክሮሶፍት ሥራ ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ወጥቶ፥ መደበኛው የነጻ እርማቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተሩ ከዚያ ቀን በኋላም ይሠራል፤ ነገር ግን ሠሪው ለተጨማሪ ጊዜ ባዘጋጀው ልዩ አገልግሎት ውስጥ ካልገባ በቀር፥ አዲስ የሚገኘው ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። በሱቁ ያለው ኮምፒውተር በዚህ እትም የሚሠራ ነጋዴ ነገሩን ሊያስብበት ይገባል።

«ይቆይ» የማለት ጉዳት

አዲስ እትም ከሚወጣባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን ነው። ማይክሮሶፍት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያለውን እርማት በፈረንጆች ወር ሁለተኛ ማክሰኞ አዘውትሮ ያወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። እርማቱ በወጣበት ቀን ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ለወዳጅም ለጠላትም ይገለጣል፤ አሮጌውንና አዲሱን አስተያይቶ ምን እንደ ተለወጠ ማወቅ ለባለሙያ የሚቻል ነውና። ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ እርማቱን ያልጫነ ሰው የሚኖረው፥ የበሩ ቁልፍ መሰበሩ በገበያ ከተለፈፈበት ሰው ባልተሻለ ሁኔታ ነው።

ለዚህም ምስክር የሚሆነው በ2009 ዓ.ም. የደረሰው ነው። ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን አንድ ከባድ ቀዳዳ የሚደፍን እርማት አወጣ። ግንቦት 4 ቀን፥ ማለት ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ፥ ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ እየገባ በብዙ አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ የማስለቀቂያ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ከመንግሥት የጤና ድርጅቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ታውከው በሺህ የሚቆጠሩ የሕሙማን ቀጠሮዎች ተሰረዙ። መድኀኒቱ ያለ ዋጋ ቀርቦ ሳለ ሁለት ወር ሙሉ ያልወሰደው ሁሉ ለአደጋው ተጋልጦ ተገኘ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ይስማማል።

«ይጫን» የማለት ጉዳት

ይሁን እንጂ አዲስ ነገር ሁሉ ወዲያው ይጫን ማለትም ትክክል አይደለም። ለነጋዴ የሚበጅ ትልቅ ትምህርት ያለው በናይት ካፒታል ታሪክ ውስጥ ነው። ይህ የአሜሪካ ድርጅት በአክሲዮን መግዛትና መሸጥ ሥራ የታወቀ ነበር። ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ለሚጀመረው አዲስ አሠራር የሚሆን ሶፍትዌር አዘጋጅቶ በ8 ሰርቨሮች ላይ እንዲጫን አዘዘ። ሠራተኛው በ7ቱ ላይ ሲጭን 8ኛውን ሳይጭን ቀረ፤ ሥራውን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰውም አልተመደበም ነበር። በ8ኛው ሰርቨር ላይ ለብዙ ዓመታት ያልተሠራበት አሮጌ የትእዛዝ ጽሑፍ ተኝቶ ነበር፤ አዲሱ ሶፍትዌር ደግሞ ያንን አሮጌ ትእዛዝ ይቀሰቅስ የነበረውን ምልክት ለሌላ አገልግሎት ወስዶት ነበር። ገበያው ሲከፈት ምልክቱ ተሰጠ፤ 7ቱ በአዲሱ ትርጉም ሲሠሩ 8ኛው በአሮጌው ትርጉም ተረድቶት ያለ ማቋረጥ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ተፈጸመ፤ ኪሳራውም ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ድርጅቱ ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሐደ።

በዚህ ታሪክ እጅግ የሚያሳዝነው ገበያው ከመከፈቱ በፊት የድርጅቱ የራሱ ሥርዓት ስሕተት መኖሩን የሚያመለክቱ 97 የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎች ለሠራተኞቹ ልኮ መገኘቱ ነው። ደብዳቤዎቹ ለማስጠንቀቂያ ተብለው የተዘጋጁ ስላልነበሩ ልብ ብሎ የተመለከታቸው አልተገኘም።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት የላከው ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በአንድ ጊዜ አቆመ። ምክንያቱ ፕሮግራሙ 20 መረጃዎች ብቻ ቀርበውለት ሳለ 21ኛውን እንዲያነብ መታዘዙ ነበር። ድርጅቱ ማሻሻያውን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢመልሰውም፥ የቆሙት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ በሰው እጅ አንድ በአንድ መነሣት ስላስፈለጋቸው አየር መንገዶች፥ ባንኮችና ሆስፒታሎች ለቀናት ተቸገሩ። ጥፋቱን ያገነነው ስሕተቱ ብቻ አልነበረም፤ ማሻሻያው አስቀድሞ በጥቂቶች ላይ ሳይፈተን ለሁሉም ባንድ ጊዜ መላኩ ነበር።

በአገራችንም ከመጋቢት 6 ወደ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በሚያነጋው ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ይታወሳል። ብሔራዊ ባንክ እንደ ገለጸው ችግሩ የተፈጠረው በመደበኛ የማሻሻልና የፍተሻ ሥራ ላይ ሳሉ ነበር። በዚያ ሌሊት ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ለማውጣት ቻሉ፤ ባንኩ ያለ አግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋርጦ፥ ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ብዙ ደክሟል።

በራሴ እጅ የደረሰ

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ሆኜ ሳለ፥ በአክስቴ ሱቅ የሠራሁትን ስሕተት ሳልናገር ባልፍ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። አክስቴ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት። የዕቃዋን ዝርዝርና የዱቤ ደንበኞቿን ሒሳብ በአንድ ኮምፒውተር እንድትይዝ የመከርኋት እኔ ነበርሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ማታ ኮምፒውተሩን ሳይ የዊንዶውሱም የሒሳብ ፕሮግራሙም አዲስ እትም ወጥቶ ጠበቀኝ። ሱቁ ዝግ ስለ ነበረ «ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም» ብዬ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ጫንኋቸው። የሒሳቡ ፕሮግራም የመጀመሪያው ቁጥሩ ተለውጦ እንደ ነበረ አይቼአለሁ፤ ነገር ግን ሥራዬ ነውና ምንም አይመጣብኝም አልሁ።

አዲሱ የሒሳብ ፕሮግራም አሮጌውን መዝገብ ወደ አዲስ ቅርጽ መለወጥ ነበረበት። ለውጡ ከመካከል ደርሶ ቆመ። መዝገቡ ግማሹ በአዲሱ፥ ግማሹ በአሮጌው ቅርጽ ስለ ሆነ፥ አዲሱም ፕሮግራም ሊያነበው አልቻለም፤ አሮጌውንም ፕሮግራም መልሼ ብጭነው እንቢ አለኝ። ሁለት ነገር በአንድ ሌሊት ስለ ለወጥሁ ጥፋቱ የየትኛው እንደ ሆነ ለይቼ ለማወቅ እንኳ አልተቻለኝም። መጠባበቂያ ቅጂውን ስፈልግ የመጨረሻው የተገለበጠው ነሐሴ 14 ቀን ሆኖ አገኘሁት፤ የ3 ሳምንት ሒሳብ ጠፍቷል ማለት ነው።

በማግሥቱ ሰኞ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ደንበኞች ለበዓሉ ለመግዛትም፥ አሮጌውን ዕዳቸውን በአሮጌው ዓመት ከፍለው ለመጨረስም ከማለዳ ጀምሮ መጡ። አክስቴ ኮምፒውተሩን ዘግታ፥ ከልጇ የትምህርት ደብተር ላይ ወረቀት ገንጥላ ተቀመጠች። ለሚመጣው ሁሉ «መዝገቤ ተበላሽቶብኛል፤ ያለብህን አንተው ንገረኝ» ትል ነበር። በእነዚያ 3 ሳምንታት ዱቤ ከወሰዱት 31 ደንበኞች 28ቱ ዕዳቸውን ራሳቸው ቆጥረው ተናገሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እርሷ የዘነጋችውን ጭምር አስታወሷት። ከ3ቱ ጋር ግን ስምምነት አልተገኘም፤ ሳይመለስ የቀረው 46,000 ብር ያህል ነው። እኔም ልክሳት ፈልጌ «እትዬ፥ ጥፋቱ የእኔ ነውና ገንዘቡን እኔ ልክፈል» ብላት፦ «ልጄ፥ ገንዘቡስ ይተካል። እኔን ያሳፈረኝ የሰው ዕዳ በእጄ ሳለ ስንት እንደ ሆነ አለማወቄ ነው» ብላ መለሰችልኝ።

ይህን ቃሏን ከዚያ ወዲህ አዲስ እትም በማወጣበት ጊዜ ሁሉ አስበዋለሁ። እኛ ሠሪዎች እትሙን ስናወጣ የምናየው የራሳችንን ጽሑፍ ነው፤ በዚያ ማዶ ግን ሰው በሰው ላይ ያለው እምነት በመዝገብ ተጽፎ ተቀምጧል።

በመኖሪያ ቤት ስለሚገኙ መሣሪያዎች

ብዙ ነጋዴ ሥራውን ማታ ከቤቱ ሆኖ ስለሚጨርስ የቤቱም መሣሪያ የንግዱ በር ሆኗል። ከእነዚህ ውስጥ በጣም የሚዘነጋው የኢንተርኔት ማሠራጫው፥ ማለት ራውተሩ ነው። ከፋብሪካው የመጣበት የይለፍ ቃል ሳይለወጥ፥ እርማቱም ሳይጫን ለዓመታት በመስኮት ሥር ተሰቅሎ ይኖራል። በ2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በየቤቱ ያሉትን ካሜራዎችና ራውተሮች የማረካቸው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም፤ ፋብሪካዎች የሰጧቸውን 60 ያህል የታወቁ የይለፍ ቃሎች እየሞከረ ነበር። ጥቅምት 11 ቀንም እነዚህ የተማረኩ መሣሪያዎች ባንድነት ዘምተው በአሜሪካ የታወቁ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን ለሰዓታት አቋረጡ።

ራውተሩን ማሻሻል ግን የራሱ ጥንቃቄ አለው። መሣሪያው አዲሱን እትም በውስጡ በሚጽፍበት ጥቂት ደቂቃ መብራት ቢጠፋ፥ ጽሑፉ በጅምር ስለሚቀር መሣሪያው ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል። ይህ በቤቴ ደርሶብኛል፤ ሌሊት መብራት በሚመላለስበት ሰሞን ጀምሬው ራውተሬ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ስለዚህ ይህ ሥራ ኤሌክትሪክ በማይቋረጥበት ሰዓት፥ ቢቻልም ከዩፒኤስ ጋር ተያይዞ ሊሠራ ይገባዋል።

ሁለተኛው ነገር መሣሪያው የማን ነው የሚለው ነው። ሬቮልቭ ተብሎ የሚጠራ፥ የቤት መብራትና ቁልፍ ከስልክ የሚያዝዝ፥ 300 ዶላር ያህል የሚሸጥ መሣሪያ ነበር። ድርጅቱን የገዛው ሌላ ድርጅት ግንቦት 7 ቀን 2008 ዓ.ም. የሩቁን ሰርቨር ሲዘጋው በየገዢው ቤት ያለው መሣሪያ ሁሉ ሥራ አቆመ። መሣሪያው አልተሰበረም፤ ገዢውም ዋጋውን ሙሉ ከፍሎ ነበር፤ ነገር ግን ሕይወቱ የነበረው በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመኖሪያ ቤቱ የሚገዛም፥ ለሽያጭ ከውጭ አገር የሚያስመጣም ነጋዴ፥ ሠሪው እርማት የሚልከው እስከ መቼ እንደ ሆነና ያለ ሠሪው ሰርቨር ምን ምን ሊሠራ እንደሚችል አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። የሁለት ዓመት ዕድሜ የቀረውን ዕቃ እንደ አዲስ ገዝቶ በመጋዘን ማከማቸት ግልጥ ኪሳራ ነው።

ለነጋዴው የሚሆን ሥርዓት

ከላይ ከተነገረው የሚከተለው ሥርዓት ይወጣል።

1ኛ፤ ማናቸውም እትም ከመጫኑ በፊት መዝገቡ ይገልበጥ። ቅጂው ሁለት ይሁን፤ አንዱም ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ። ተከፍቶ ያልተሞከረ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም፤ ስለዚህ በሦስት ወር አንድ ጊዜ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይታይ።

2ኛ፤ ቀዳዳ የሚደፍን እርማትና መሠረት የሚለውጥ እትም ይለዩ። እርማቱ ቅጂ ከተያዘ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጫን። ትልቁ እትም ግን ሌሎች ሞክረውት ጉድለቱ እስኪታወቅ ድረስ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ የተሻለ ነው።

3ኛ፤ በአንድ ቀን ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥ። ሱቁ ብዙ ኮምፒውተሮች ካሉት በመጀመሪያ በአንዱ፥ እርሱም ብዙ በማይጎዳው ላይ ተሞክሮ ቀሪዎቹ ይከተሉ። ሁሉም መጫናቸውንም ከጫነው ሌላ የሆነ ሰው ቆጥሮ ያረጋግጥ።

4ኛ፤ ቀኑ ይመረጥ። የበዓል ዋዜማ፥ የወር መጨረሻና የግብር መክፈያ ሰሞን የተከለከሉ ይሁኑ። የሚሻለው ገበያ በሚቀዘቅዝበት ቀን፥ ባለሙያ በስልክ በሚገኝበት የሥራ ሰዓት ነው። ሌሊት የተበላሸ ነገር የሚረዳው ሳያገኝ ያድራል።

5ኛ፤ ሶፍትዌር የሚሸጠው ድርጅት ሲዋዋል፦ «ወደ ቀድሞው እትም መመለስ ይቻላልን? መዝገቤንስ በሌላ ፕሮግራም በሚነበብ ቅርጽ ላወጣው እችላለሁን?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም በውሉ ላይ ይጻፍ።

6ኛ፤ የትኛው እትም በየትኛው ቀን፥ በማን እጅ እንደ ተጫነ የሚመዘገብበት አንድ ደብተር በሱቁ ይኑር። ያልተለመደ ማስታወቂያ ወይም መልእክት ሲታይም በዚያው ይጻፍ፤ የ97ቱ ደብዳቤዎች ታሪክ አይዘንጋ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ቅጂ ለመያዝ ግማሽ ሰዓት፥ አንዱን ሞክሮ ሌላውን ለማስከተል ጥቂት ቀናት ይጠይቃል። ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በአንድ ሌሊት ጥድፊያ የተጫነውን ለማቃናት እኔና አክስቴ የመስከረምን ወር እኩሌታ ፈጅተንበታል።

አክስቴ ዛሬም ሒሳቧን በኮምፒውተር ትይዛለች፤ እርማቱም በወቅቱ ይጫንላታል። ይሁን እንጂ ሱቋን ከመዝጋቷ በፊት የዕለቱን የዱቤ ስምና ገንዘብ በአንድ ጠንካራ ደብተር ላይ በእጇ ትጽፋለች። ዓርብ ዓርብ ማታ እኔ የኮምፒውተሩን ድምር፥ እርሷ የደብተሩን ድምር እያነበብን እናመሳክራለን። ሁለቱ ከተስማሙ ቅጂው ይያዛል፤ ካልተስማሙ እስኪስማሙ ድረስ አዲስ እትም አይጫንም።